ባልቲሞር ላይ ሮው ሃውስ ገዝቶ፣ አድሶ፣ አከራይቶ ሪፋይናንስ ማድረግ፦ ይህ ስሌት ያስኬዳል?

ጀማሪ_ሲልቨር_ስፕሪንግ
ሰላም ለዚህ ቤት። ከፓተርሰን ፓርክ በስተሰሜን ያለ ባለ ሁለት ፎቅ ሮው ሃውስ (ከጎረቤት ጋር ግድግዳ ተጋርቶ በተርታ የተሠራ ቤት) በ95 ሺህ ዶላር ቀርቦልኛል። ከተማው የባዶ ቤት ማስታወቂያ ለጥፎበታል። ጣራው በቅርቡ ተቀይሯል፣ የመዳብ ቧንቧውን ግን ሌባ ነቅሎ ወስዶታል። ኮንትራክተሩ በ45 ሺህ እጨርሰዋለሁ ይላል። ሲታደስ 230 ሺህ ያወጣል፣ በወር 1,900 ይከራያል ተብያለሁ። በሀርድ መኒ (ቤቱን ዋስትና አድርጎ ለአጭር ጊዜ በከፍተኛ ወለድ በሚሰጥ የግል ብድር) ገዝቼ፣ በ6 ወር ውስጥ በመደበኛ ሞርጌጅ ካሽ አውት ሪፋይናንስ አድርጌ (የድሮውን ብድር በአዲስ ትልቅ ብድር ዘግቼ ትርፉን በእጄ ተቀብዬ)፣ ያወጣሁትን ሁሉ መልሼ ሁለተኛ ቤት ልገዛበት ነው ያሰብኩት። በእጄ 40 ሺህ አለ፤ ግማሹ በሚቀጥለው ወር የሚደርሰኝ ዕቁብ ነው። የቱ ጋ ነው የምሳሳተው?

ሎን_ፕሮሰሰር
ወንድሜ፣ ዕቅድህ ገና ሪፋይናንሱ ላይ ይሰናከላል። በፋኒ ሜ (መደበኛ ሞርጌጆችን ከአበዳሪዎች የሚገዛው ድርጅት) ደንብ ከኤፕሪል 2023 ጀምሮ ካሽ አውት ለማድረግ የሚከፈለው ነባር ሞርጌጅ ቢያንስ 12 ወር የሞላው መሆን አለበት። ሀርድ መኒም ቤቱ ላይ እስከተመዘገበ ድረስ ሞርጌጅ ነው። 6 ወር የሚባለው ስምህ ታይትል (የባለቤትነት ሰነድ) ላይ የሚቆይበት ሌላ መስፈርት ነው፤ ሰው ሁለቱን ያምታታቸዋል። ትርፍ ገንዘብ ሳትወስድ ሀርድ መኒውን ብቻ ለመዝጋት ከሆነ የ12 ወሩ ደንብ አይመለከትህም። በጥሬ ገንዘብ ለሚገዛ ደግሞ ዲሌይድ ፋይናንሲንግ (ከግዢው በኋላ ቤቱ ላይ ተበድሮ ያወጡትን መመለሻ) አለ፤ እሱ ግን የሚመልሰው የግዢውን ገንዘብ እንጂ የእድሳቱን አይደለም።

ስለዚህ ብዙ ሰው የሚሄደው በዲ ኤስ ሲ አር ሎን ነው። የአንተን ገቢ ትቶ ኪራዩ የወሩን ክፍያ ይሸፍናል ወይ ብሎ ያያል። ብዙዎቹ አበዳሪዎች 6 ወር ከሞላ በአዲሱ ግምት እስከ 75 በመቶ ይሰጣሉ። ቁጥሩን ልሥራልህ፤ እድሳቱን 70 ሺህ አድርጌዋለሁ፣ 45 ሺህ አላመንኩም።

ግዢና እድሳት 165 ሺህ። የግዢ ክሎዚንግ (የማጠናቀቂያ ወጪ) 5 ሺህ። ሀርድ መኒው የግዢውን 90 በመቶና የእድሳቱን ሙሉ ቢሰጥህ ብድሩ 155,500 ነው፤ 2 ፖይንት (ለአበዳሪው የሚከፈል የብድሩ 2 በመቶ) 3,110። በ11 በመቶ የ7 ወር ወለድ 8 ሺህ ገደማ (ገንዘቡ በየደረጃው ስለሚለቀቅ ከሙሉው ያንሳል)። ኢንሹራንስ፣ ታክስ፣ መብራትና ውኃ 4 ሺህ። የሪፋይናንስ ክሎዚንግ 7 ሺህ። ድምሩ ወደ 192 ሺህ ይጠጋል። የ230 ሺህ 75 በመቶ 172,500 ነው። ስለዚህ ሁሉ ነገር እንዳሰብከው ቢሄድ እንኳ 20 ሺህ የሚጠጋ ገንዘብህ ቤቱ ውስጥ ይቀራል። አፕሬዘሩ (የቤቱን ዋጋ ገማች) 210 ሺህ ካለ ብድሩ 157,500 ብቻ ይሆናል፤ ሀርድ መኒውንና ክሎዚንጉን ለመዝጋት 5 ሺህ ከኪስህ ይዘህ ትቀርባለህ።

230 ሺህ ያለህ ሰው የት ያለ ቤት አይቶ ነው? እዚያ ሰፈር ሁለት ብሎክ ዋጋ ይለውጣል። ባለፉት 6 ወራት የተሸጡ፣ የታደሱ፣ ስፋታቸው ተመሳሳይ የሆነ ሦስት ቤቶች ካላገኘህ ቁጥሩ ምኞት ነው።

ወርሃዊውንም እይ። 172,500 በ7.5 በመቶ ለ30 ዓመት 1,206 ዶላር ነው። የከተማውና የስቴቱ ታክስ ተደምሮ ከተገመተው ዋጋ 2.36 በመቶ ነው። ግምቱ 150 ሺህ ከሆነ በወር 295፣ ኢንሹራንስ 120፤ ድምሩ 1,621። ኪራዩ የዚህ 1.17 እጥፍ ስለሆነ ያልፋል። ግምቱ ወደ 230 ሺህ ሲያድግ ግን ታክሱ ብቻውን 452 ይሆንና ሬሾው ወደ 1.07 ይወርዳል፤ ጥገናና ባዶ ወር ገና አልተቆጠረም። ሌላው ብድሩን ቀድሞ በመዝጋት የሚመጣው ቅጣት ነው፤ 5-4-3-2-1 የሚባለውን (በአንደኛው ዓመት የብድሩ 5 በመቶ፣ ከዚያ በየዓመቱ በአንድ እየቀነሰ) ፈርመህ በአንደኛው ዓመት ብትሸጥ 8,625 ዶላር ትቀጣለህ።

አናጺው
ፎቶ ሳላይ ብዙ አልልም፣ ግን 45 ሺህ አይበቃም። ማሞቂያና ማቀዝቀዣ 10 ሺህ፣ የኤሌክትሪክ መስመር 10 ሺህ፣ ቧንቧ 10 ሺህ፣ ወጥ ቤት 10 ሺህ፣ መታጠቢያ 8 ሺህ፤ ገና ድራይዎል (የግድግዳው የጂፕሰም ሰሌዳ)፣ ወለል፣ መስኮትና ቀለም አልገባም።

ከመግዛትህ በፊት ሁለት ነገር አድርግ። የፍሳሽ መስመሩን እስከ መንገዱ ድረስ በካሜራ አስፈትሽ፤ አሮጌው የሸክላ ቱቦ መጋጠሚያው ላይ የዛፍ ሥር ይገባበታል። ከዚያ ቤዝመንት ወርደህ ወለሉን የተሸከሙት አግዳሚ እንጨቶች ከጎረቤት ጋር የጋራ የሆነው ግድግዳ ውስጥ የሚገቡበትን ጫፍ በጠመንጃ መፍቻ ውጋው። መፍቻው ከገባ እንጨቱ በስብሷል። ጣራው አዲስ መሆኑ ከዚያ በፊት ለዓመታት ያፈሰሰውን አያደርቀውም። የኋላውን ግድግዳም በቱንቢ ለካ፤ ወደ ውጭ ካበጠ ለስትራክቸር መሐንዲስ አሳየው።

ፊት ለፊቱ በፎርምስቶን (ድንጋይ መስሎ ጡቡ ላይ በተለጠፈው ሽፋን) ከተሸፈነ ስንጥቁን ፈልግ። ውኃ ከኋላው ገብቶ መውጫ ያጣል። ከገፈፍከው ደግሞ መጋጠሚያውን በፖርትላንድ ሲሚንቶ እንዳታስሞላ። የድሮው ጡብ ለስላሳ ነው፣ በኖራ የተገነባ ነው። ሲሚንቶው እርጥበቱን ሲያግድበት የጡቡ ፊት እየተላጠ ይረግፋል።

አበዳሪው የእድሳቱን ገንዘብ የሚለቀው ሥራው ከተሠራ በኋላ ነው። መጀመሪያ ከኪስህ ታወጣለህ፣ ኢንስፔክተር ያያል፣ ከዚያ ይከፈልሃል። ክሎዚንግ ላይ 17,600 ገደማ ከወጣ በኋላ በቀረህ 22 ሺህ ሥራውንም ወለዱንም ማስኬድ ይጠብቅሃል። ሠራተኛ የሚጠፋው እዚህ ጋ ነው፤ ክፍያ አንድ ሳምንት ሲዘገይ ሌላ ሳይት ይሄዳል።

የኮንትራክተሩን የሜሪላንድ ፈቃድ ቁጥር ኦንላይን አጣራ። በስቴቱ ሕግ ውል ስትፈርሙ ከዋጋው አንድ ሦስተኛ በላይ መቀበል አይችልም፤ ግማሽ የሚጠይቅህን ተወው። ፐርሚቱን (የግንባታ ፈቃዱን) በስሙ ያውጣ። መስመሮቹ በኢንስፔክተር ሳይታዩ ድራይዎል ከተዘጋ መልሶ ያስፈርስሃል።

አከራይ_ምስራቅ_ባልቲሞር
የባዶ ቤት ማስታወቂያው የሚነሳው ዩዝ ኤንድ ኦኩፓንሲ ፐርሚት (ቤቱ ሰው ሊኖርበት ይችላል የሚል የከተማው ፈቃድ) ሲወጣ ነው። ያንን በጊዜ ሰሌዳህ ላይ ጨምር።

ቀጥሎ የኪራይ ላይሰንስ። ከ2019 ጀምሮ ባልቲሞር ላይ ለአንድና ለሁለት ቤተሰብ ቤትም ግዴታ ነው። ያለ ላይሰንስ ኪራይ መቀበል አትችልም፤ ተከራይ ባይከፍልህ ፍርድ ቤትም አያዋጣህም። ከ1978 በፊት የተሠራ ስለሆነ በስቴቱ አስመዝግበህ፣ ተከራይ ሳይገባ የሊድ (በአሮጌ ቀለም ውስጥ የሚገኘው መርዛማ ብረት) ሰርተፊኬት ያስፈልግሃል። የቤቱን ውስጥ እያፈረስክ ከሆነ አሮጌውን መስኮት፣ በርና የእንጨት ጠርዝ ጠቅልለህ አስወጣ፤ "ሊድ ፍሪ" የሚለውን ሰርተፊኬት ለማግኘት ጥሩ ዕድል ይኖርሃል፣ ከዓመታዊ ምዝገባውም ትገላገላለህ። ከተከራይ የምትቀበለው ዲፖዚት (መያዣ) ከኦክቶበር 2024 ወዲህ ለአዲስ ውል ከአንድ ወር ኪራይ አይበልጥም።

ታይትል ካምፓኒውን (የባለቤትነት ሰነዱን የሚያጣራውን) ሁለት ነገር ጠይቅ፦ ያልተከፈለ የውኃ ሂሳብና ግራውንድ ሬንት (ቤቱ ያረፈበት መሬት የሌላ ሰው ሲሆን ለእሱ የሚከፈል ኪራይ)። በዓመት 96 ዶላር የሚከፈልበት ከሆነ በአብዛኛው በ6 በመቶ ተሰልቶ በ1,600 ዶላር መግዛት ይቻላል።

እድሳቱ ላይ እያለ ተራ የቤት ኢንሹራንስ አይሠራልህም። ለባዶና በሥራ ላይ ላለ ቤት የሚሆነውን ግዛ።

ጀማሪ_ሲልቨር_ስፕሪንግ
እግዜር ይስጥልኝ። ዋጋውን ወደ 80 ሺህ ካላወረዱ እተወዋለሁ። የዕቁቡ ገንዘብስ ችግር አለው?

ሎን_ፕሮሰሰር
አበዳሪው የሁለት ወር የባንክ ስቴትመንት ይጠይቅሃል። ድንገት የገባ 20 ሺህ ካየ ከየት መጣ ይላል። የሰጠኝ ዘመድ ነው ብለህ ስጦታ ለማስመሰል አትሞክር፤ ፋኒ ሜ ለኢንቨስትመንት ቤት ስጦታ አይቀበልም። የዕቁቡን ዝርዝርና በየወሩ የከፈልክበትን የባንክ ማስረጃ ያዝ፤ ከተቻለ በቼክ ተቀበል። በጥሬ ገንዘብ ከሆነ በአንዴ አስገባው። ከ10 ሺህ በላይ ሲሆን ባንኩ ሪፖርት ያደርጋል፣ ምንም አይደለም። ሪፖርቱን ለመሸሽ እየቆራረጡ ማስገባት ግን ራሱን የቻለ የፌዴራል ወንጀል ነው።

ደግሞ ዕጣው ቀድሞ የወጣልህ ከሆነ ያ ገንዘብ ገና የምትከፍለው ዕዳ ነው። ወርሃዊ መዋጮውን ከሀርድ መኒው ወለድ ጎን ጻፈው፤ ተከራይ እስኪገባ ሁለቱንም የምትከፍለው ከደሞዝህ ነው።