ለካብ ክፍያ፦ ጠቀመን ወይስ ጎዳን?

አወያይ፦ ሰላም የወሎ ልጆች! ትናንት የተቋረጠውን እንቀጥል። ለካብ፣ ማለትም ለድንጋይ እርከን ሥራ እህል ወይም ብር መክፈል ጠቀመን ወይስ ጎዳን? ስድብ ክልክል ነው።

የተንታው፦ ጎዳን። አባቴ ከ77ቱ ክፉ ቀን በኋላ በቀን 3 ኪሎ ስንዴ እየተሰፈረለት ካብ ሲክብ ኖረ። ጎርፍ ሲንደው ግን «የመንግሥት ካብ ፈረሰ» ይል ነበር። በገዛ ማሳው!

የሐይቋ፦ ኧረ በአላህ! ስንዴው ባይኖር አንተስ ዛሬ ትጽፍ ነበር?

የተንታው፦ እታለም፣ እህሉ አይሰጥ መቼ አልኩ? ከካቡ ጋር ለምን ታሰረ ነው የምለው።

መምህሩ፦ ካብ አፈር ይይዛል፣ አፈር ምርት ይጨምራል። ሁሉም እዚህ ላይ ያቆማል። እስቲ እንቀጥል። ተዳፋቱ በጨመረ ቁጥር ካቡ ይቀራረባል፤ በሬ መዞሪያ ያጣል። በድንጋዩ መሐል አይጥ ይራባል። አይጥ አዝመራውን ሲጨርስበት ገበሬው ድንጋዩን አንድ በአንድ ያነሣል። ከዚያ «እርከን ያልተሠራለት መሬት» ተብሎ ይመዘገባል፤ ስንዴ ተጭኖ ይመጣል። ካቡ ክብ ሆነ።

የግብርናው፦ ጋሼ፣ ሸጋ ብለዋል፤ ግን ግማሹን ነው። አይጡን አልክድም። አፈሩ ከካቡ ጀርባ ተጠራቅሞ መሬቱ ደልደል እስኪል ዓመታት ይፈጃል። ገበሬው ኪሳራውን ዘንድሮ ያያል፣ ጥቅሙን በስንት ጊዜው። እስከዚያ የሚያቆየው ክፍያው ነው። በ1997 የተጀመረው ሴፍቲኔትም (ምግብ ለሚያጥራቸው ቤተሰቦች የመንግሥት ድጋፍ) ሥራን ከክፍያ ያገናኘው በከንቱ አይደለም።

የሐይቋ፦ የሴፍቲኔቱን ጉድማ ተወው። ጥሪት ካፈራህ «ተመረቅህ» ተብለህ ትወጣለህ። የኛ ጎረቤት ምዝገባ ሲደርስ ሁለተኛዋን ላም እህቷ ቤት ትወስዳታለች። «ላሟ ዘመድ ጥየቃ ሄዳለች» እንላለን 😂

የተንታው፦ ይኸው! ድሃ መስሎ መታየት ራሱ ሥራ ሆነ።

የግብርናው፦ ላሚቱ ግን አልተሸጠችም። ልጆቿ ወተት ይጠጣሉ። እሱንም ቁጠሩት እንጂ።

መምህሩ፦ እውነት ነው። ግን ወደዚያ «የመንግሥት ካብ» እንመለስ። በ1983 መንግሥት ሲወድቅ ወሎ ውስጥ በዘመቻ የተተከለው ደን እንዴት እንደተጨፈጨፈ የሚያስታውስ አለ? ሰው ዛፍ ጠልቶ ነው? እኛ ሰፈር የተራራው አለቀ፤ የየጓሮው ባሕር ዛፍ ግን እንዳለ ቀረ።

የተንታው፦ እንግዲያው ሁለት ክረምት ቆሞ ለተገኘ ካብ ብቻ ይከፈል።

የግብርናው፦ በልግ በቀረበት ዓመት ሁለት ክረምት ምን በልቶ ይጠብቃል?

የሐይቋ፦ አንተ የተንታው፣ አባትህ ዛሬስ ካቡን ይጠግናል?

የተንታው፦ አዎ። ላዩ ላይ ሣር ተክሎ ለበሬዎቹ ያጭዳል። የከፈለው የለም።

የግብርናው፦ መቼ ጀመረ?

የተንታው፦ የመሬቱ ደብተር በስሙ ከወጣለት በኋላ። ድሮ ነገ ለሌላ ይሸነሸናል ብሎ ይፈራ ነበር።

መምህሩ፦ አንተ ልጅ! ይህን እስካሁን ይዘህ ነው የምታከራክረን?