ክርክር፦ «ፎንት የኮምፒውተሩ ጉዳይ ነው» ላሉን

ጣና ዳር፦ ባሕር ዳር ፕሮግራመሮች ተሰብስበን ስናወራ አንዱ ተነሥቶ «ፎንት (የፊደሉን መልክ የያዘው ፋይል) የኮምፒውተሩ ጉዳይ እንጂ የእኛ አይደለም» አለ። በጣም ነው ያናደደኝ። የደረሰኝ ሶፍትዌሩን የሚጠቀመው እኮ የወረዳ ገንዘብ ያዥ ነው። አንዱ ጋ በኒያላ ይከፈታል፣ ሌላው ጋ በኤብሪማ፤ ሁለቱም የዊንዶውስ ፎንቶች ናቸው። ኒያላ ጠበብ፣ ኤብሪማ ሰፋ ስለሚል ደረሰኙ ላይ የሰው ስም ከሳጥኑ ያልፋል። ዊንዶውስ 10 ላይ ደግሞ ኒያላን ራስህ ካልጨመርከው ላይኖር ይችላል። ፎንቱን ከሶፍትዌሩ ጋር ክተቱ፣ በፍሪታይፕ (ከፎንቱ ፊደል በሚስል ነፃ ኮድ) ሳሉት፣ በቃ።

ጮቄ፦ ያልኩት እኔ ነኝ፣ አሁንም እላለሁ። ጽሑፍ ለመሳል ዊንዶውስ የራሱ ዳይሬክትራይት አለው፣ ማክ ኮር ቴክስት አለው። ፍሪታይፕ ላይ የደኅንነት ቀዳዳ ቢገኝ ማን ያድሰዋል? የዊንዶውሱ በአፕዴት ይታደሳል። አንተ የከተትከውን ግን አንተው ራስህ ነህ እየዞርክ የምታድሰው።

ጣና ዳር፦ «የኮምፒውተሩ ጉዳይ» አልክ። የየትኛው ኮምፒውተር? የደብረ ማርቆሱ ወይስ የሞጣው? ሁለቱ አንድ ዓይነት ካላሳዩ ተጠያቂው ሶፍትዌሩን የሸጠው ነው።

ጮቄ፦ ሳጥኑን እንደ ጽሑፉ እንዲሰፋ አድርገህ ሥራው። ችግሩ የሳጥንህ ነው።

ጣና ዳር፦ የታተመ ደረሰኝ ወረቀት ይሰፋል እንዴ?

ፍኖተ ሰላም፦ ታዲያ ኒያላውኑ ኮፒ አድርገን ብንከተውስ?

ጣና ዳር፦ አይሆንም፣ ፈቃዱ የማይክሮሶፍት ነው። አቢሲኒካ ወይም ኖቶ ኢትዮፒክ የሚባለውን ፎንት ውሰድ፤ ሁለቱም ከሶፍትዌር ጋር አብሮ ማደል ይፈቅዳሉ።

የቡሬ ልጅ፦ ሃርፍባዝን (ምልክቶቹን በየቦታቸው የሚያስቀምጠውን ኮድ) ማንም አላነሣውም። ፍሪታይፕ የፊደሉን ቅርጽ ይስላል እንጂ የቱ ምልክት የት እንደሚያርፍ አያሰላም።

ጣና ዳር፦ ለአማርኛ ምን ይሠራል? ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ «ሀ»ም «ሁ»ም የየራሳቸው የዩኒኮድ (ለየፊደሉ ቁጥር የሚሰጠው ዓለም አቀፍ ደረጃ) ቁጥር አላቸው። እንደ ዐረብኛ አይቀጣጠሉም። በተርታ መደርደር ይበቃል።

የቡሬ ልጅ፦ «ይበቃል» አትበል በሞቴ። ለልጆች የንባብ መማሪያ ስትሠራ በዓሉን «ገና» ካልጠበቀው «ገና» ለመለየት የመጥበቂያውን ሁለት ነጥብ «ና» አናት ላይ ማን ያስቀምጥልሃል? ያለ ሃርፍባዝ ነጥቡ ጎን ላይ ሊወድቅ ይችላል።

ፍኖተ ሰላም፦ የእኔ መሥሪያ ቤት ግን ሰነዱ ሁሉ በድሮው የአማርኛ መጻፊያ በፓወር ግዕዝ ነው። ፎንቱን ብንከት ይድን ይሆን?

ጮቄ፦ አይድንም። ዩኒኮድ ያልሆነው ፓወር ግዕዝ ከሥሩ የላቲን ፊደል ነው። መልኩ ይታይሃል፣ ስም ብትፈልግ ግን አታገኝም። መጀመሪያ ወደ ዩኒኮድ ገልብጠው።

ጣና ዳር፦ እዚህ ላይ ጮቄ ልክ ነው። የቡሬው፣ ደረሰኝ ላይ ግን መጥበቂያ የሚጽፍ ማን አለ?

የቡሬ ልጅ፦ ዛሬ ደረሰኝ ነው፣ ነገ ያንኑ ኮድ ለመማሪያ ትሸጠዋለህ። አሁኑኑ ጨምረው።

ጣና ዳር፦ ለደረሰኝ አልጨምርም።