የግራውንድ ሳጥን ለሸክላ ማጫወቻ፦ የትኛውን ላስመጣ?

ሸክላ ሰብሳቢ፦

ጤና ይስጥልኝ። አዲስ አበባ ከአባቴ በወረስኩት አሮጌ ቪላ ውስጥ፣ ላለፉት ስድስት ዓመታት ጥቂት በጥቂት እየጨመርኩ ያደራጀሁት የሙዚቃ ክፍል አለኝ። ሸክላ ማጫወቻ፣ ራሱን የቻለ ፎኖ ፕሪአምፕ (የሸክላ ማጫወቻውን ደካማ ሲግናል የሚያጎላ)፣ አምፕሊፋየር፣ ወለል ላይ የሚቆሙ ሁለት ስፒከሮችና አንድ ስትሪመር (ሙዚቃ ከኢንተርኔት የሚያጫውት) ያሉኝ ሲሆን፣ የቴሌቪዥኑ ድምፅም በአርሲኤ ገመድ ወደዚሁ አምፕሊፋየር ይገባል። ብዙውን ጊዜ የማዳምጠው አባቴ የተዉልኝን ባለ 45 ዙር ሸክላዎች፣ በተለይም አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 ባቋቋሙት አምሃ ሬከርድስ የታተሙትን ነው። የአሮጌ ሸክላ መንጣጣት አያስቸግረኝም፤ ዕድሜው ነው ብዬ አልፈዋለሁ። የሚያስቸግረኝ መርፌው ሸክላው ላይ ካረፈ በኋላ ዘፈኑ እስኪጀምር ባሉት ጥቂት ሰከንዶች የሚሰማው «ኡምምም» የሚል ወፍራም ድምፅ ነው። ፎኖውን ስመርጥ ይብሳል፤ ስትሪመሩን ስመርጥ ይቀንሳል እንጂ ጨርሶ አይጠፋም።

ወንድሜ ለገና ከአሜሪካ ስለሚመጣ የምፈልገውን እንድነግረው ጠይቆኛል። ስለ ግራውንድ ሳጥኖች፣ ማለትም ከዕቃዎቹ ጋር በሽቦ ተያይዘው ድምፅን ያጠራሉ ስለሚባሉት ሳጥኖች፣ ብዙ አነበብኩ። የስዊድኑ ኤንትሬክ ሳጥኖቹን በማዕድናት ቅልቅል ይሞላቸዋል፤ ሹንያታ አልታይራ በሚል ስም ለቻሲስ (ለዕቃው የብረት አካል) እና ለሲግናል ለየብቻ የሚሆኑ ማገናኛዎችን ይሠራል፤ ኖርዶስትም ኪውኮር የሚባሉ አሉት። ከእነዚህ የትኛው ለእንደኔ ዓይነቱ ቤት ይሻላል? ከሳጥኑ ጋር የሚሄዱት ሽቦዎችስ የግድ ከዚያው ድርጅት መሆን አለባቸው? አንድ ነገር ልጨምር፤ ምናልባት ከጉዳዩ ጋር አይገናኝም ይሆናል፤ የአምፕሊፋየሩን የጀርባ ብረት በእጄ ጀርባ ስዳስሰው ቀለል አድርጎ ይነዝረኛል።

ካውያ፦

ወንድሜ፣ «አይገናኝም ይሆናል» ያሉት ነገር ጉዳዩ ራሱ ነው። ሳጥኑን ለጊዜው ይተዉትና ከእሱ እንጀምር።

የብዙዎቹ ዕቃዎች የኤሌክትሪክ መግቢያ ላይ የማጣሪያ ካፓሲተሮች አሉ፤ አንዱ ከፌዝ፣ ሌላው ከኒውትራል ወደ ቻሲሱ ይያያዛሉ። ቻሲሱ ከመሬት ጋር የተገናኘ ከሆነ በእነዚህ ካፓሲተሮች የሚያልፈው ጥቂት ከረንት በግራውንዱ ሽቦ ይሄዳል፤ እርስዎም ምንም አይሰማዎትም። ግራውንድ ከሌለ ግን ቻሲሱ በፌዝና በኒውትራል መካከል ተንጠልጥሎ ስለሚቀር ቮልቴጁ ወደ 220ው ግማሽ፣ ማለትም ወደ 110 ቮልት ይጠጋል። ከረንቱ ከአንድ ሚሊአምፒር የማይበልጥ በመሆኑ ይነዝራል እንጂ አይጥልም፤ ሆኖም አምፕሊፋየሩ ውስጥ አንድ ቀን ፌዙ ተላቆ ብረቱን ቢነካ የሚያድንዎት ነገር የለም ማለት ነው።

ይኸው ከረንት መሄጃ ሲያጣ በሲግናል ገመዶችዎ ሺልድ (ሲግናሉን በሚሸፍነው የውጭ ሽቦ) በኩል ከአንዱ ዕቃ ወደ ሌላው ይዞራል። አንድ ሚሊአምፒር 0.1 ኦም ባለው ሺልድና መገናኛ ላይ ቢያልፍ 0.1 ሚሊቮልት ይፈጥራል። ከስትሪመሩ የሚመጣው ሲግናል እስከ 2 ቮልት ስለሚደርስ ይህ የሃያ ሺህ እጅ አንዱ ነው፤ ስፒከሩ ላይ ጆሮ ካልደቀኑ አይሰማም። ኤምኤም የሚባለው የካርትሪጅ (መርፌውን የሚይዘው ክፍል) ዓይነት የሚያወጣው ግን ወደ 5 ሚሊቮልት ብቻ በመሆኑ ያው 0.1 ሚሊቮልት የሃምሳ እጅ አንዱ ይሆናል። ፎኖ ላይ የሚብስበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ኤምሲ የሚባለው ሌላው የካርትሪጅ ዓይነት ቢሆን ኖሮ ሲግናሉ ከዚያ በአሥር እጅ ያህል ስለሚያንስ ጨርሶ ባልተቻለም ነበር።

ስለዚህ መጀመሪያ ባለሙያ ጠርተው ሶኬቱን በመልቲሜትር ያስለኩ። በሹኮ ሶኬት ጎን ላይ ያሉት ሁለት ብረቶች መኖራቸው ከጀርባቸው ሽቦ አለ ማለት አይደለም፤ በአሮጌ ቤቶች ብዙ ጊዜ ለጌጥ ነው የተቀመጡት። ከፌዝ ወደ ጎኑ ብረት ሲለካ 220 አካባቢ፣ ከኒውትራል ወደ ብረቱ ሲለካ ደግሞ ቢበዛ ጥቂት ቮልት መሆን አለበት። ቀጥሎ፣ ከሸክላ ማጫወቻው የምትወጣው ቀጭን የግራውንድ ሽቦ ከፎኖው ብሎን ጋር በደንብ መታሰሯን ይመልከቱ። ከዚያ ማጫወቻውን ከአምፕሊፋየሩ ግማሽ ሜትር ያህል ያርቁት፤ ድምፁ በዚህ ከቀነሰ ካርትሪጁ የትራንስፎርመሩን ማግኔታዊ መስክ እየለቀመ ነውና ጉዳዩ ከግራውንድ ጋር አይገናኝም። በመጨረሻም የቴሌቪዥኑን አርሲኤ ገመድ ይንቀሉና ያዳምጡ። ዲሽ አለዎት? ካለዎት የዲሹ ገመድ በቴሌቪዥኑ በኩል ከመሬት ጋር ሌላ መገናኛ ሊሆን ይችላል።

ስለ ሳጥኑ፣ ዓይነቶቹን እንለይ። የበርካታ ዕቃዎችን ቻሲስ በአጫጭር ወፍራም ሽቦ አንድ ቦታ ላይ የሚያስር ሳጥን በቻሲሶቹ መካከል ያለውን የቮልቴጅ ልዩነት ስለሚቀንስ በእርግጥ ሥራ ሊሠራ ይችላል፤ አዲስ ሉፕ (ከረንት የሚዞርበት ቀለበት) የሚፈጥርበት ጊዜም አለ። በአንድ ሽቦ ብቻ ተያይዞ ከመሬት ጋር የማይገናኘው ሳጥን ግን ሌላ ነገር ነው። የጫማ ካርቶን የሚያህል ሳጥን ለአካባቢው ያለው ካፓሲታንስ 15 ፒኮፋራድ ቢሆን፣ ይህ በ50 ሄርዝ ከ200 ሚሊዮን ኦም በላይ ነው፤ የእርስዎ «ኡምምም» በዚያ በኩል የሚወጣበት መንገድ የለውም። በ100 ሜጋሄርዝ ወደ 100 ኦም ይወርዳል፤ እዚያ ላይ ደግሞ አንድ ሜትር ሽቦ ራሱ ወደ 600 ኦም ገደማ ሆኖ ይጋርደዋል። ውስጡ ማዕድን ሆነ አሸዋ ስሌቱን ብዙ አይቀይረውም። በአሁኑ ሁኔታዎ ከቻሲሱ ጋር ቢያያይዙት ደግሞ ሳጥኑም አብሮ 110 ቮልት ይሆናል።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦

የካውያን ስሌት አልከራከርም፤ ልምዴን ግን ላካፍል። እኔ የምኖረው ሜሪላንድ ነው፤ ኤሌክትሪኩ 120 ቮልት፣ 60 ሄርዝ ነው፤ የቤቱ ግራውንድም በባለሙያ የተፈተሸ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ከእነዚህ ሳጥኖች አንዱን ገዛሁ፤ ዋጋውን ባለቤቴ አሁንም አታውቅም። ሽቦውን በአምፕሊፋየሩ ትርፍ የአርሲኤ መግቢያ ውጫዊ ቀለበት ላይ ሳያይዘው በመሣሪያዎቹ መካከል ያለው ጸጥታ የጠለቀ፣ የዘፋኙም ትንፋሽ የቀረበ መሰለኝ። ለሁለት ወር ያህል ለቤት እንግዳ ሁሉ ሳስረዳ ከረምኩ።

በኋላ ልጄ ለፈተና አቀረበችኝ። ከአምፕሊፋየሩ ጀርባ ተቀምጣ ሽቦውን ስትሰካና ስትነቅል፣ እኔ ሳላያት አሥር ጊዜ መለስኩ። ስድስቱን አገኘሁ። ደስ ብሎኝ ነበር፤ እሷ ግን ሳንቲም ብትወረውርም ስድስትና ከዚያ በላይ የማግኘት ዕድሌ ወደ 38 ከመቶ መሆኑን አስልታ አሳየችኝ። ሳጥኑ አሁንም ከመደርደሪያው ሥር አለ፤ አላነሣሁትም፤ ሙዚቃውም ደስ እያለኝ ነው። ለጠያቂው ወንድማችን ግን በመጀመሪያ እንዲያስመጡት የምመክረው ይህን አይደለም። ሽቦውን በተመለከተ የግድ ከዚያው ድርጅት መሆን የለበትም፤ አጭርና ወፍራም የመዳብ ሽቦ ጫፉ በሚገባ ከተበየደ በቂ ነው።

የመስመር ሠራተኛ፦

ቤቱ ግራውንድ ከሌለው የሚከተለውን ይገንዘቡ። የመዳብ ልባጥ ያለው ዘንግ መሬት ውስጥ ማስገባት የሥራው ግማሽ ብቻ ነው። ከሰልና ጨው አድርጎ መቅበር በእኛ ዘንድ የተለመደ ነው፤ ነገር ግን በበጋ አፈሩ ሲደርቅ ሬዚስታንሱ ስለሚጨምር ዘንጉን እርጥበት ወዳለበት ጥልቀት ማውረድ ይሻላል፤ ሬዚስታንሱም በኧርዝ ቴስተር ይለካ።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው የሚከተለውን ነው። ዘንጉ 20 ኦም ቢሆን፣ ፌዙ ቻሲሱን ሲነካ የሚፈሰው 220 ለ20 ሲካፈል 11 አምፒር ነው፤ 16 አምፒር ብሬከር ለዚህ አይወርድም፤ ቻሲሱ በኤሌክትሪክ እንደተሞላ ይቆያል። ስለዚህ በዘንግ ብቻ ለሚታመን ቤት ከረንት ወደ መሬት ሲያፈተልክ በ30 ሚሊአምፒር የሚወርደውን ኧርዝ ሊኬጅ ብሬከር ማስገባት ግዴታ ነው። ለሙዚቃው ብቻ የተለየ ዘንግ ተክለው ከቤቱ ግራውንድ ሳያያይዙ የሚተዉም አጋጥመውኛል፤ ይህ በክረምት መብረቅ አቅራቢያ ሲወድቅ በሁለቱ ዘንጎች መካከል የሚፈጠረውን ቮልቴጅ ዕቃዎ እንዲሸከም ማድረግ ነው። ሁምን (ያንን «ኡምምም» የሚለውን ድምፅ) ለማጥፋት ብሎ የስፒናውን ግራውንድ በፕላስተር መሸፈንም በፍጹም አይደረግ።

ሸክላ ሰብሳቢ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ባለሙያ አስመጥቼ አስለካሁ፤ ከአምፕሊፋየሩ ቻሲስ ወደ ጓሮው የውኃ ቧንቧ ሲለካ 97 ቮልት አሳየ። ሶኬቱን ሲፈታው በጎኑ ብረት ላይ የታሰረ ሽቦ አልነበረም፤ ሁለት ሽቦ ብቻ፣ እነሱም ጨርቅ የተጠመጠመባቸው የድሮዎቹ። ከቆጣሪው ጀምሮ ለዚህ ክፍል ባለ 2.5 ሚሊሜትር ካሬ ሦስት ሽቦ አዲስ መስመር ተዘረጋ፤ ዘንጉ ገባ፣ ተለካ፣ ኧርዝ ሊኬጁም ተገጠመ። ዕቃዎቹን ሁሉ ከአንድ ማከፋፈያ ላይ ሰካኋቸው። መንዘሩ በዚያው ቀረ። ድምፁ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም ነበር፤ ማታ የቴሌቪዥኑን አርሲኤ ገመድ ስነቅል ግን አምፕሊፋየሩ የጠፋ እስኪመስለኝ ድረስ ጸጥ አለ። አዎን፣ ዲሽ አለኝ፤ ከጣሪያው ቆርቆሮ ጋር በብሎን የታሰረ። በዲሹ ገመድ ላይ የሚገባ ኮአክሲያል አይሶሌተር እንደሚሸጥ አየሁ፤ እሱን ላዝዘው?

ካውያ፦

አይዘዙት። አብዛኛው አይሶሌተር ዲሲን (ቀጥተኛ ከረንትን) ይዘጋል፤ በዲሹ ጫፍ ያለው ሲግናል ተቀባይ፣ ኤልኤንቢ፣ ደግሞ የሚሠራው ሪሲቨሩ በዚያው ገመድ በሚልክለት 13 ወይም 18 ቮልት ነው። እሱን ካስገቡ ሁሙ ይጠፋል፤ ምስሉም አብሮ ይጠፋል። ቴሌቪዥኑ ኦፕቲካል መውጫ፣ አምፕሊፋየሩም ኦፕቲካል መግቢያ ካላቸው በዚያ ያገናኟቸው፤ ብርሃን እንጂ ሽቦ ስለሌለው ሉፑ ይቋረጣል። መግቢያው ከሌለ በአርሲኤው መስመር ላይ የኦዲዮ አይሶሌሽን ትራንስፎርመር ያስገቡ፤ ጥራት ያለው ይሁን፣ ርካሹ ባሱን ይበላዋል። የዲሹን ምሰሶ ከቤቱ ግራውንድ ጋር ማያያዙንም ለባለሙያው ይተዉለት።

ሸክላ ሰብሳቢ፦

አምፕሊፋየሩ ኦፕቲካል መግቢያ አለው፤ ከገዛሁት ጀምሮ የአቧራ መከላከያ ክዳኑ እንኳ አልተነሣም ነበር። ለወንድሜ ሦስት ሜትር የኦፕቲካል ገመድና አንድ አዲስ የሸክላ መርፌ እንዲያመጣ ጻፍኩለት።