ሐረማያን ያደረቀው ሰማዩ ነው ሞተሩ?

የሐረር ልጅ፦ የደረቀው የሐረማያ ሐይቅ ተመልሶ መሙላቱን የሚያሳይ ፎቶ ሲዞር ከሥሩ የሚጻፈው አንድ ነው። «ያደረቀው የአየር ንብረት ለውጥ ነው፤ ዝናብ ሲመጣ ተመለሰ።» በቃ? እኛ ሐረር ጀሪካን ደርድረን ቦቴ የጠበቅን ሰዎች አለን። ቀን ከሌሊት ውሃ ሲስብ የኖረው ሞተርስ የት ገባ?

አወዳይ፦ ሞተር ሞተር አትበሉ። ገበሬው ጫቱንና ድንቹን ያጠጣው ዝናቡ አልጨበጥ ስላለው ነው። ከዚያ ሐይቅ ሐረርም፣ አወዳይም፣ ዩኒቨርሲቲውም ጠጥቷል። ጥፋቱ ለገበሬ ብቻ ለምን ይሰጣል?

ጉድጓድ ቆፋሪ፦ እኔን ያናደደኝ «ዝናብ ሲመጣ ተመለሰ» የምትለዋ ናት። ሐይቁ ሞላ ማለት የከርሰ ምድሩ ውሃ ሞላ ማለት አይደለም። ዝናብ ሲወርድ አፈሩ መጀመሪያ የራሱን ጥም ይቆርጣል። ሙቀቱ ሲጨምር የሚተነው ይበዛል፤ ወደ ታች የሚሰርገው ያንሳል። የሳምንቱ ዝናብ በሁለት ሰዓት ከወረደ ደግሞ ከተራቆተው ዳገት ደለል ይዞ ይሄዳል።

የሐረር ልጅ፦ አንተም ሰማዩን ከሰስክ ማለት ነው!

ጉድጓድ ቆፋሪ፦ አልከሰስኩም። የሚገባው ሲያንስ የሚወጣው በዛ ነው ያልኩት። ዝናቡ ባይለወጥም እንደዚያ ከተሳበ ይደርቃል።

ድሬ፦ ከባድ ዝናብ ሁሉ ጎርፍ ሆኖ ይቀራል አትበል። ታንዛኒያ፣ ዶዶማ አጠገብ ማኩታፖራ የሚባል ቦታ ከ1950ዎቹ (በፈረንጆቹ) ጀምሮ የጉድጓድ ውሃ ይለካል። ውሃው በደንብ ከፍ የሚለው በ1997ቱ ኤልኒኖ (የፓስፊክ ውቅያኖስ ሲሞቅ ዝናቡን የሚያዛባው ክስተት) ጊዜ እንደወረደው ያለ ኃይለኛ ዝናብ ሲወርድ ነው።

ጉድጓድ ቆፋሪ፦ እውነት ነው። ግን እዚያ ጎርፉ በአሸዋማ ወንዝ ውስጥ እያለፈ ይሰርጋል። እርከኑ በፈረሰ ዳገት ላይ ምን ይይዘዋል?

አወዳይ፦ እርከኑን በጉልበቱ የሚሠራው ማን ሆነና? ገበሬው! ከተሜው ቧንቧ ከፍቶ ነው የሚጠጣው።

የሐረር ልጅ፦ የትኛው ቧንቧ? ሐይቁ ሲደርቅ የእኛ ውሃ ከድሬዳዋ በኩል ዳገት ወጥቶ እንዲመጣ ተደርጓል። ለኤሌክትሪኩ ማን ይከፍላል?

ድሬ፦ እሱንማ ተዉት፤ እኛም የምንጠጣው ከጉድጓድ ነው። ነገ የእኛ ሲወርድ ወዴት ልትሄዱ ነው?

አወዳይ፦ አሁንም ወደ ገበሬው ሞተር ልትመለሱ ነው።

የሐረር ልጅ፦ እመለሳለሁ። ሐይቁ ዳር ዛሬ ስንት ሞተር እንዳለ ቆጥረህ ንገረኝ።