ኮምፒውተሩ ሻት ዳውን ከተደረገ በኋላ ኃይሉን ራሱ እንዲያቋርጥ ምን ይደረግ?

ጥያቄ፦ ጦሳ ሥር (ደሴ)

ጤና ይስጥልኝ። ደሴ ፒያሳ አካባቢ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ አገልግሎት የምሰጥበት አነስተኛ ቤት አለኝ። ደንበኞቼ በአብዛኛው የመመረቂያ ጽሑፋቸውን የሚያስተይቡና የሚያሳትሙ የወሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በመሆናቸው፣ በኮምፒውተሮቹ ውስጥ ያለው ፋይል የእኔ ብቻ ሳይሆን የሰው አደራ ጭምር ነው። ከኮምፒውተሮቹ በአንዱ ላይ ኡቡንቱ (የሊኑክስ ዓይነት ኦፐሬቲንግ ሲስተም)፣ በሌሎቹ ላይ ደግሞ ዊንዶውስ 10 ተጭኗል።

ችግሩ የሚያጋጥመኝ ማታ ስንዘጋ ነው። ኡቡንቱ ያለበት ኮምፒውተር ሻት ዳውን ሲደረግ ፕሮግራሞቹን በሥርዓት ይዘጋና ስክሪኑ ጠቁሮ «ሲስተም ሀልትድ» የሚል መስመር ያሳያል፤ ከዚያ በኋላ ግን ፋኑ መዞሩን፣ ከፊት ያለችው መብራትም መብራቷን አያቋርጡም። የማብሪያ ቁልፉ ለጥቂት ሰከንድ ተጭኖ ካልተያዘ በስተቀር እንዲሁ እንደበራ ያድራል። ዊንዶውስ ካለባቸው አንደኛው ደግሞ ጠባዩ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ማታ በትክክል ይጠፋል፣ ነገር ግን ሌሊት መብራት ሄዶ የተመለሰ እንደሆነ ጠዋት በርቶ እናገኘዋለን።

አብራኝ የምትሠራው ልጅ ታክሲ እንዳያመልጣት ስለምትቸኩል፣ ኮምፒውተሩ መጥፋቱን ሳትጠብቅ ዲቫይደሩን ከሶኬት ትነቅለዋለች፤ በዚህ ምክንያት ፋይል እንዳይበላሽ እሰጋለሁ። ያማከርኩት አንድ ጠጋኝ «ፎርማት ይደረግ» ብሎኛል፤ እኔ ግን የችግሩ ምክንያት ሳይታወቅ ሁሉን አጥፍቶ እንደ አዲስ መጀመሩን አልወደድኩትም። ጉድለቱ የዕቃው ነው ወይስ የሴቲንጉ? ኮምፒውተሩ አንዴ ከታዘዘ በኋላ ራሱን አጥፍቶ እንዲያድር ከየት ልጀምር? ለምትሰጡኝ ምላሽ ከወዲሁ አመሰግናለሁ።

መልስ፦ ቦርከና (ኮምቦልቻ)

አብሽሩ፣ ይህ ፎርማት የሚያስደርግ ጉዳይ አይደለም። ከመነካካትዎ በፊት ግን ኮምፒውተር ራሱን የሚያጠፋው በምን መንገድ እንደሆነ ማወቁ ሥራውን እጅግ ያቀልልዎታል።

ቀደም ባለው ዘመን የማብሪያ ቁልፉ ከግድግዳ የሚመጣውን የ220 ቮልት መስመር በቀጥታ የሚቆርጥ ስለነበር፣ ኮምፒውተሩ ሥራውን ቢጨርስም ራሱን ማጥፋት አይችልም ነበር፤ በዊንዶውስ 95 ዘመን «አሁን ኮምፒውተርዎን ማጥፋት ይችላሉ» የሚል ጽሑፍ ስክሪን ላይ ወጥቶ የሰው እጅ ይጠብቅ የነበረው ለዚህ ነው። ኢንቴል በ1995 (እ.ኤ.አ.) ያወጣው ኤቲኤክስ የተባለው አሠራር ይህን ለወጠው። ከዚያ ወዲህ የማብሪያ ቁልፉ ማዘርቦርዱን ብቻ የሚቀሰቅስ ሲሆን፣ ፓወር ሰፕላዩን የሚያበራውና የሚያጠፋው ማዘርቦርዱ በአረንጓዴዋ ሽቦ በኩል የሚሰጠው ምልክት ነው። ማዘርቦርዱ ይህችን ሽቦ ከጥቁሩ ሽቦ ጋር ሲያገናኛት ፓወር ሰፕላዩ ይነሣል፣ ሲለቃት ይተኛል። ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ በበኩሉ ማዘርቦርዱን «ልቀቃት» ብሎ የሚያዝዘው ኤሲፒአይ በተባለው የጋራ ደንብ አማካይነት ነው፤ ይህም ኢንቴል፣ ማይክሮሶፍትና ቶሺባ በታኅሣሥ 1996 (እ.ኤ.አ.) በጋራ ያወጡት ነው። ስለዚህ ትእዛዙ ከኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ወደ ማዘርቦርዱ፣ ከማዘርቦርዱ ወደ ፓወር ሰፕላዩ ይሄዳል፤ የእኛ ሥራም የቀረው የት ላይ እንደሆነ መለየት ነው።

የእርስዎ ኡቡንቱ ለዚህ ጥሩ ፍንጭ ሰጥቶናል። ሊኑክስ ኃይል የሚያቋርጥበት መንገድ ሲያገኝ የመጨረሻው መስመር «ፓወር ዳውን» የሚል ይሆናል፤ መንገዱን ሲያጣ ግን ትእዛዙን ራሱ ወደ ማቆም ብቻ ይለውጠውና «ሲስተም ሀልትድ» ብሎ ይቀመጣል። ይህ ማለት ትእዛዙ ከኦፐሬቲንግ ሲስተሙ አልወጣም ማለት ነው፤ ፓወር ሰፕላይዎ ከጥርጣሬው በአብዛኛው ነጻ ነው። «ፓወር ዳውን» ካለ በኋላ ሳይጠፋ ቢቀር ኖሮ ፊታችንን ወደ ዕቃው እናዞር ነበር።

ሁለት ነገር ይመርምሩ። የመጀመሪያው፣ ኮምፒውተሩ የሚዘጋው ከሜኑ ነው ወይስ በተርሚናል በሚጻፍ ትእዛዝ ወይም በአቋራጭ ምልክት? «ሀልት» የሚለው ትእዛዝ ሲስተሙን ያቆማል እንጂ ኃይል አያቋርጥም፤ ኃይል የሚያቋርጠው «ፓወርኦፍ» የሚለው ነው። ሁለተኛውና እኔ ይበልጥ የምጠረጥረው፣ ግራብ በተባለው ማስነሻ ውስጥ «ኤሲፒአይ=ኦፍ» የሚል ቃል ተጽፎ ሊሆን ይችላል። ኡቡንቱ ሲጫን ስክሪኑ ደርቆ ሲያስቸግር ብዙ ጠጋኞች ይህን ቃል ጨምረው ያልፉትና እዚያው ትተውት ይሄዳሉ። ጉዳቱ በመጥፋት ብቻ አያበቃም፤ ሲስተሙ ስለ ፕሮሰሰሩ ኮሮች የሚያውቀውም በዚሁ በኤሲፒአይ ስለሆነ፣ ቃሉ እያለ ኮምፒውተሩ ከአቅሙ በታች እየሠራ ሊሆን ይችላል።

ቃሉን በቀጥታ ከፋይሉ አያጥፉት። ኮምፒውተሩ ሲነሣ የግራብ ሜኑ እንዲወጣ ያድርጉ (ባዮሱ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ሲበራ መጀመሪያ የሚሠራው የማዘርቦርዱ ፕሮግራም፣ አሮጌ ከሆነ ሺፍትን ይዘው፣ አዲስ ከሆነ እስኬፕን ነክተው)፣ ከዚያ ኢ ፊደልን ተጭነው ያንን ቃል ከመስመሩ ላይ ብቻ ይሰርዙትና በኤፍ10 ያስነሡት። ይህ ለውጥ ለዚያች አንዴ ብቻ ስለሆነ ባይሳካም ምንም አይጎዳዎትም። በደህና ተነሥቶ በደህና ከጠፋ ግን የግራብን ሴቲንግ ፋይል አርመው ግራብን ያድሱት።

ቃሉ ከተሰረዘ በኋላ ኮምፒውተሩ አልነሣም የሚል ከሆነ አዲስ የኡቡንቱ ከርነል (የሲስተሙ እምብርት የሆነ ፕሮግራም) ይሞክሩ። የባዮስ ማሻሻያ መጫንም አንዱ መፍትሔ ነው፤ ሆኖም መብራት መካከል ላይ ቢሄድ ማዘርቦርዱን ከጥቅም ውጭ ሊያደርገው ስለሚችል፣ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ከባትሪ ኃይል የሚሰጥ ዕቃ) ሳይኖር አይሞከር።

መልስ፦ ሆጤ (ደሴ)

ይህ ሁሉ ድካም አስፈላጊ አይመስለኝም። እኔ «ሲስተም ሀልትድ» የሚለውን ካየሁ በኋላ ከዲቫይደሩ አጠፋዋለሁ፤ እስካሁን አንድም ፋይል አልተበላሸብኝም።

መልስ፦ ቦርከና (ኮምቦልቻ)

የተናገሩት ለዚያ ሁኔታ ትክክል ነው፤ ያ መስመር ከወጣ በኋላ ዲስኩ ላይ የሚጻፈው ሁሉ ተጽፎ ስላለቀ ኃይሉን ከሶኬት ማቋረጥ ፋይል አይጎዳም። ነገር ግን የጠያቂያችን ችግር የሚጀምረው መስመሩ ሳይወጣ ከሚነቀለው ላይ ነው። ዊንዶውስ ማሻሻያ እየጫነ «ኮምፒውተሩን አያጥፉ» በሚልበት ሰዓት መንቀል፣ ወይም ዲስኩ ገና እየጻፈ ሳለ መንቀል፣ ጠዋት የማይነሣ ኮምፒውተር ያስታቅፋል። ኮምፒውተሩ ራሱ የሚጠፋ ከሆነ የፊቷ መብራት ሥራው ማለቁን በግልጽ ስለምታሳይ፣ የምትቸኩለውም ልጅ መቼ መንቀል እንዳለባት ታውቃለች።

መንቀሉን ራሱን ግን አልቃወምም። ኤቲኤክስ ፓወር ሰፕላይ ከጠፋም በኋላ ሶኬት ላይ እስካለ ድረስ በሐምራዊዋ ሽቦ 5 ቮልት ለማዘርቦርዱ መስጠቱን ስለማያቆም፣ ከመስመሩ ጋር ያለው ግንኙነት አይቋረጥም። ደሴ ላይ በክረምት መብረቅ ባለበት ወቅት ከጠፋ በኋላ ከሶኬት ነቅሎ ማደር እኔም የምመክረው ነው፤ ቅደም ተከተሉ ብቻ ይጠበቅ።

መልስ፦ አዝዋ ገደል (ደሴ)

ስለ ዊንዶውሱ ኮምፒውተር ልጨምር፤ የኮምፒውተር ትምህርት አስተማሪ ስሆን፣ በቤተ ሙከራችን የሚያጋጥመንም ይኸው ነው።

መብራት ሲመለስ ኮምፒውተሩ በራሱ የሚነሣው በባዮስ ውስጥ ያለ አንድ ሴቲንግ ስለሚያዝዘው ነው። ስሙ እንደየማዘርቦርዱ ይለያያል፤ አብዛኛውን ጊዜ በፓወር ገጽ ላይ «ሪስቶር ኦን ኤሲ ፓወር ሎስ» በሚል ወይም ለዚህ በሚቀርብ ስም ይገኛል። ምርጫዎቹ እንደጠፋ ይቆይ፣ ይነሣ፣ ወይም መብራት ከመሄዱ በፊት ወደነበረበት ይመለስ የሚሉ ናቸው። የመጀመሪያውን ይምረጡ፣ ማለትም «ፓወር ኦፍ»። መብራት በሚመለስባት ቅጽበት ቮልቴጁ ገና ሳይረጋጋ ኮምፒውተር መነሣቱ ለፓወር ሰፕላዩም ለዲስኩም አይበጅም።

ሴቲንጉን አስተካክለው ከጥቂት ጊዜ በኋላ ወደነበረበት ተመልሶ ካገኙት፣ የኮምፒውተሩን ቀንና ሰዓት ይመልከቱ። ሰዓቱ ወደ ኋላ ተመልሶ ከሆነ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሳንቲም የምታክል ባትሪ ደክማለች። ሲአር2032 የምትባል የ3 ቮልት ባትሪ ናት፤ ኮምፒውተሩ ከሶኬት በተነቀለበት ጊዜ ሰዓቱን የምታስቆጥረው እሷ ስትሆን፣ በብዙ ማዘርቦርዶች ላይ የባዮሱንም ሴቲንግ የምትይዘው እሷው ናት። ማታ ማታ በሚነቀል ኮምፒውተር ላይ ቶሎ ብትደክም አይገርምም፤ ስትደክም ሴቲንጉ ከፋብሪካ ወደመጣበት ይመለሳል፣ እርስዎም ያላዘዙት ነገር ሲሆን ያያሉ።

በዊንዶውስ በኩል ደግሞ ፋስት ስታርታፕ የተባለውን ይመልከቱ። ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ ሻት ዳውን ሲባል ሲስተሙ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፤ በፍጥነት ለመነሣት እንዲያመቸው የከርነሉን ሁኔታ ዲስክ ላይ አስቀምጦ ነው የሚተኛው። በአንዳንድ ማዘርቦርዶች ላይ ይህ አሠራር ስክሪኑ ጠፍቶ ፋኑ መዞሩን እንዲቀጥል ያደርጋል። ይህ ከሆነ ለማረጋገጥ ሺፍትን ይዘው ሻት ዳውን ያድርጉ፤ በዚህ መንገድ ሲሆን ሙሉ በሙሉ ስለሚዘጋ፣ በትክክል ከጠፋ ምክንያቱ ታወቀ ማለት ነው። ከዚያ በኮንትሮል ፓነል የፓወር ኦፕሽንስ ገጽ፣ የማብሪያ ቁልፎች ሥራ ከሚወሰንበት ቦታ ገብተው የፋስት ስታርታፕን ምልክት ያንሡ። ለመነሣት ጥቂት ሰከንድ ቢጨምርም ዋጋ አለው።

ጠያቂው፦ ጦሳ ሥር (ደሴ)

እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የኡቡንቱው ጉዳይ ቦርከና እንዳሉት ሆኖ ተገኝቷል። የግራቡን መስመር ስከፍተው «ኤሲፒአይ=ኦፍ» የሚለው ቃል መጨረሻው ላይ ተቀምጦ ነበር። መጀመሪያ ለአንዴ ብቻ ሰርዤ አስነሣሁት፤ ያለ ችግር ተነሣ፣ ሻት ዳውን ሳደርገውም ስክሪኑ ጠቁሮ ወዲያው ፋኑ ቆመ፣ የፊቷም መብራት ጠፋች። ከዚያ በኋላ ፋይሉን በቋሚነት አርሜዋለሁ።

ዊንዶውስ ያለበትን ስከፍተው ቀኑ ከዓመታት በፊት ወደነበረ ቀን ተመልሶ ስላገኘሁት ባትሪዋን አስቀይሬ፣ የባዮሱን ሴቲንግ «ፓወር ኦፍ» ላይ አድርጌዋለሁ። ሌሊት መብራት ሄዶ በተመለሰ ጊዜም ጠዋት ጠፍቶ አግኝተነዋል።

አንድ ነገር ልጨምር። ሻት ዳውን ማድረጉ ራሱ በተረሳ ቀን፣ ኮምፒውተሮቹ ምሽት 2 ሰዓት ላይ ራሳቸው እንዲጠፉ ማድረግ ይቻላል?

መልስ፦ አዝዋ ገደል (ደሴ)

ይቻላል። በዊንዶውስ ውስጥ ታስክ ስኬጁለር የተባለውን ከፍተው በየቀኑ የሚደገም ሥራ ይፍጠሩ፤ የሚያስፈጽመውም «ሻትዳውን» የተባለውን ፕሮግራም ይሁን። ሰዓቱን ሲሞሉ ኮምፒውተሩ ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ስለሚቆጥር የእኛ ምሽት 2 ሰዓት ለእሱ 20:00 መሆኑን ልብ ይበሉ፤ 2:00 ብለው ከሞሉት ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ነው የሚያጠፋው። ከፕሮግራሙ ስም ቀጥሎ ኤስ የሚለውን የማጥፊያ ምርጫና ቲ የሚለውን የመዘግያ ምርጫ ከ600 ጋር ይጻፉ፤ 600 ሰከንድ 10 ደቂቃ ስለሆነ፣ በዚያ ሰዓት ሥራ ላይ ያለ ሰው ማስጠንቀቂያውን አይቶ ፋይሉን ማስቀመጥ ይችላል። ለማስቀረት ከፈለገ ያንኑ ፕሮግራም ኤ ከሚለው ምርጫ ጋር ያስኬዳል።

መልስ፦ ቦርከና (ኮምቦልቻ)

በኡቡንቱው ላይ ክሮን በተባለው የሰዓት ሠሌዳ ተመሳሳይ ትእዛዝ በሩት (በዋናው አስተዳዳሪ) መብት ማስገባት ይቻላል፤ እዚያ ግን የሚጻፈው የመዘግያ ጊዜ በደቂቃ እንጂ በሰከንድ አይደለም።

አንድ ጥንቃቄ አለ። በዊንዶውሱ ትእዛዝ ውስጥ የመዘግያ ጊዜ ከተጻፈ፣ ሰዓቱ ሲሞላ ያልተቀመጠ ጽሑፍ ቢኖርም ፕሮግራሙን በግድ ዘግቶ ነው የሚያጠፋው። የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ በሚተየብበት ቤት፣ በየጥቂት ደቂቃው ራሱ እንዲያስቀምጥ የሚያደርገውን የወርድ ሴቲንግ አስቀድመው ያብሩ። የመመረቂያው ወቅት ደርሶ እስከ ምሽት 3 ሰዓት በሚሠራበት ጊዜ ደግሞ የማጥፊያውን ሰዓት ወደ 22:00 ያዘዋውሩት።