ግማሹ ውሃ የት ገባ?

ሰላም ለሁላችሁ። ሦስት ቀን ሙሉ አንድ ቦታ ላይ ቆሜያለሁ። ለመመረቂያ ሥራዬ የአየር እርጥበት ማስወገጃ በዲደብልዩሲም (የኬሚካል ሂደቶችን በኮምፒውተር በሚያስመስለው ሶፍትዌር) እየሠራሁ ነው። የሚገባው አየር እንደ ጅቡቲ ያለ የባሕር ዳር አየር ነው፦ 35 ዲግሪ፣ አንጻራዊ እርጥበቱ 60 በመቶ፣ በሰዓት 1000 ኪሎ፣ ግፊቱ 1 አትሞስፌር። ማቀዝቀዣው 10 ዲግሪ ያደርሰዋል፣ ሴፓሬተሩ ውሃውን ይለያል፣ ማሞቂያው ወደ 25 ይመልሰዋል። በቃ፣ ይኸው ነው።

በእጄ ሳሰላው በሰዓት 13.5 ኪሎ ያህል ውሃ መውጣት አለበት። ሶፍትዌሩ ግን 6 ኪሎ እንኳ በግድ ነው የሚሰጠኝ። መጀመሪያ የጠረጠርኩት ፔንግ ሮቢንሰንን፣ ማለትም ሶፍትዌሩ የጋዝና የፈሳሽ ጠባይ የሚያሰላበትን ቀመር ነበር። ኤንአርቲኤል ወደሚባለው ሌላ ቀመር ቀየርኩት፣ ለውጡ ኢምንት ነው። የግፊት መቀነሱንም ዜሮ አደረግኩት፤ ወይ ፍንክች!

ሳይክሮሜትሪክ ቻርቱ (የአየር እርጥበት የሚነበብበት ሰንጠረዥ) ለሚገባው አየር ለአንድ ኪሎ ደረቅ አየር 21.4 ግራም ውሃ ይላል። ስለዚህ የውሃው ሳጥን ውስጥ 0.0214 ጻፍኩ፣ ቀሪውን ለናይትሮጅንና ለኦክስጅን አካፈልኩ። ከሳጥኑ በላይ «ሞል ፍራክሽን» (በሞለኪውል ብዛት የሚቆጠር ድርሻ) ይላል፤ ይሄ ለውጥ ያመጣል እንዴ? የሚገርመው፣ የመውጫው አየር እርጥበት 39 በመቶ ነው፤ እሱ ከእጅ ስሌቴ ጋር ገጥሟል። የባሰ ግራ ያጋባኝም ይኸው ነው።

የገባችሁ ካላችሁ እባካችሁ ጠቁሙኝ። ሐሙስ አማካሪዬ ፊት እቀርባለሁ።