ዶርም ይቅር፣ ብሩ ይሰጠን?

አወያይ፦ የዛሬው መከራከሪያ አጭር ነው። በዩኒቨርሲቲው ካፌ የማይበላ ተማሪ ለምግቡ የተያዘለትን በጀት በእጁ ይቀበላል፤ ነን ካፌ የምንለው ማለት ነው። መኝታውስ ለምን እንደዚያ አይሆንም? መንግሥት ዶርም ማቅረቡን ትቶ ገንዘቡን ለተማሪው ቢሰጠው ይሻላል ወይስ አይሻልም? ስድብ ከገባ አጠፋለሁ፤ ብሔር እየጠሩ መዘላለፍም እንዲሁ።

የኢኮኖሚክስ መምህር፦ ይሻላል። በ1984 አካባቢ አገሪቱ የነበሯት ዩኒቨርሲቲዎች አዲስ አበባና አለማያ፣ ሁለት ብቻ ነበሩ። ዛሬ ከአርባ በላይ ናቸው፤ እያንዳንዳቸውም ከመማሪያ ክፍሉ ጎን ማደሪያ ቤት፣ ወጥ ቤት፣ የውሃ ጉድጓድና የጥበቃ ሠራተኛ ያስተዳድራሉ። ጠዋት ስለ ቤተ ሙከራ መነጋገር የነበረበት ኃላፊ ስለ ፍራሽና ስለ ጤፍ ሲነጋገር ይረፍድበታል። ደግሞ ለማን? በ2014ቱ የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው ተማሪ 3.3 በመቶ ነበር፤ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ። ሳያልፉ በአቅም ማሻሻያ ትምህርት (ሬሜዲያል) የገቡትን ብንጨምር እንኳ ለጎርፍ በተቆፈረ ቦይ የምንጭ ውሃ ነው የሚወርደው። ባዶ ብሎክ፣ ማለትም ባዶ የዶርም ሕንፃ፣ ጠባቂም፣ ጥገናም ይፈልጋል።

ሌላም አለ። ዶርም ስጦታ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። በ1995 የወጣው የወጪ መጋራት ደንብ ተመራቂው የምግቡንና የመኝታውን ሙሉ ወጪ፣ ከትምህርቱ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶውን እንዲከፍል ያስገድዳል። ሥራ ሲይዝ ከወር ገቢው ከ10 በመቶ ባላነሰ ይቆረጥበታል። ስለዚህ ዕዳ ነው። ባለ ዕዳው የሚያድርበትን ቤት ይምረጥ ማለት ምኑ ይከፋል?

የአንዲት ተማሪ አባት፣ ከጎንደር፦ መምህር፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ መምረጥ የሚለው ቃል ከየት መጣ? የእኔ ልጅ ጅግጅጋ ናት የተመደበችው። ከሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ቅጹን ስትሞላ ጅግጅጋን ስንተኛ ላይ እንዳደረገችው እሷም አታስታውሰውም። ዘመድ የለንም፣ የምናውቀው ሰው የለም። መንግሥት «እዚያ ሂጂ» ካለ «እዚህ እደሪ» ማለትም አለበት። እንግዳ ጠርቶ ደጅ ላይ የሚያቆም ባለቤት እኛ አገር አይመሰገንም።

የቀድሞ ፕሮክተር፦ ዘጠኝ ዓመት የዶርም ተቆጣጣሪ ሆኜ የብሎክ ቁልፍ ይዤ ኖሬያለሁና ከወረቀቱ ትንሽ ልውጣ።

መስከረም ላይ ክፍል የምንደለድለው በስም ፊደል ተራ ነበር። አንድ ዓመት በአንድ የሴቶች ክፍል አምስት መሠረቶች ገጠሙን። ከደጅ «መሠረት!» ብሎ የጠራ ሰው አምስት «አቤት» ይሰማ ነበር። በኋላ ራሳቸው ዘዴ ፈጠሩ፦ መሠረት ባሌ፣ መሠረት ደሴ፣ መሠረት ሆሳዕና እየተባባሉ በመጡበት አካባቢ ይጠራሩ ጀመር። አራተኛ ዓመት ሲደርሱ ባሌ የምትባለው በደሴ ለዛ ትቀልድ ነበር። ይህ የሆነው ማንም «ተዋወቁ» ብሎ ስብሰባ ስለጠራቸው አይደለም። አንድ መብራት ማጥፊያ ስለነበራቸው ነው። ማን ያጥፋ፣ ስንት ሰዓት ይጥፋ፣ በዚህ ብቻ አንድ ሴሚስተር ሙሉ ተጨቃጭቀዋል።

አሁን ብሩን በእጃቸው ብትሰጧቸው ምን ይሆናል? ባሌ ከባሌ ልጆች ጋር፣ ደሴ ከደሴ ልጆች ጋር ቤት ይከራያሉ። ተፈጥሯዊ ነው፤ እኔም ብሆን አደርገዋለሁ።

የኢኮኖሚክስ መምህር፦ ጋሼ፣ ታሪኩ ደስ ይላል። ግን የዶርሙን ሌላ ገጽ ዘለሉት። በ2012 መጀመሪያ ወልዲያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሁለት ተማሪዎች ሲገደሉ፣ ከየግቢው በሺዎች የሚቆጠር ተማሪ ሻንጣውን እየጎተተ ሲወጣ፣ የመብራት ማጥፊያው አንድነት የት ሄደ? ስምንት ወጣት በአንድ ክፍል አጉረን ከተግባቡ «አገር ተዋወቀ»፣ ከተጋጩ ደግሞ «የፖለቲከኛ ሴራ ነው» እንላለን።

የቀድሞ ፕሮክተር፦ አልዘለልኩትም፤ ማውራት ስለማልወድ ነው። በዚያ ወቅት እኔ የምሠራበት ግቢ ውስጥ ልጆች አልጋቸውን ከበሩ ጋር አስጠግተው ያደሩበት ሌሊት ነበር። ኮሪደሩ ላይ ቆሜ የብረቱን መንሸራተት ሰምቻለሁ፤ አንዱ ክፍል ሲገፋ ቀጣዩ ይሰማና እሱም ይገፋል። ያም ሆኖ ሲነጋ ክፍል ቆጥሬ ሳይ፣ በሩን የዘጉት ከአንድ አገር የመጡት ተሰብስበው አልነበረም። የክፍሉ ልጆች እንደ ድልድሉ፣ ተደባልቀው ነበር ከውስጥ የዘጉት። ይህን ለማንም ጥቅም አልናገርም፤ ያየሁት ነው።

የሦስተኛ ዓመት ተማሪ፦ ሁለቱንም ቤት ያየሁ ሰው ልናገር። አንደኛ ዓመት ላይ ከዶርም የወጣሁት በትኋን ነው። ሳቁ እንጂ፣ ሌሊት ስልኬን አብርቼ የፍራሹን ስፌት ለስፌት ስለቅም እያደርኩ ጠዋት ካልኩለስ ተፈትኛለሁ። ውሃም በሦስት ቀን አንዴ ነበር፤ አራተኛ ፎቅ ድረስ በጀሪካን።

ከሁለት ጓደኞቼ ጋር አንድ ክፍል ተከራየን። ደላላው የአንድ ወር ኪራይ የሚያህል ወሰደ። አከራያችን ክፉ ሴት አልነበሩም፣ ግን ባልዲ ይቆጥሩ ነበር። «ዛሬ ሦስተኛሽ ነው ልጄ» ይሉኛል። መብራት ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ ይጠፋል፤ ቆጣሪው የጋራ ነውና። ከቤተ መጻሕፍት ሲመሽብኝ ያ የኮብልስቶን መንገድ፣ ያ ከግቢው አጥር እስከ በራችን ያለው ጨለማ፣ እያንዳንዱን ምሽት ዋጋ ያስከፍለኝ ነበር፤ ሦስታችን ካልተሟላን አንወጣም። ሰኔ ላይ ወደ ቤተሰብ ስንሄድ የክረምቱን ኪራይ ክፈሉ ተባልን፤ አለበለዚያ ዕቃችሁን አንሡ። ሁለተኛ ዓመት ላይ ወደ ዶርም ተመለስኩ። ትኋኑ ይጠብቀኝ ነበር።

እና የእኔ አቋም የትኛው ነው? ዶርም ይኑር፤ ይረጭ።

የአዲስ አበባ ልጅ፦ እናንተ ስላላችሁ ነገር ትከራከራላችሁ። እኔ ቤተሰቤ አዲስ አበባ ስለሚኖር ዶርም አይገባህም የተባልኩ ነኝ። ቤታችን ኮዬ ፈጬ ነው፤ ትምህርቴ መሀል ከተማ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ካልተነሳሁ የሁለት ሰዓቱ ክፍል ያመልጠኛል። ሦስት ታክሲ ነው፤ ዝናብ ካለ ሰልፉን አትጠይቁኝ። ቤታችን ውስጥ ደግሞ ስድስት ሆነን ሁለት ክፍል ውስጥ ነን፤ የማጠናው ሁሉም ሲተኛ ነው። መታወቂያዬ ላይ አዲስ አበባ ስለሚል ብቻ ሁለት ሰዓት መንገድ የለብኝም ተብሎ ታሰበ። እኔን ብትጠይቁ የመምህሩ ሐሳብ ነፍስ አለው። ብሩ ለሁሉም እኩል ቢሰጥ እኔም ቢያንስ የታክሲዬን አገኝ ነበር።

የቀድሞ ፕሮክተር፦ ይህ ልጅ እውነት አለው። ባዶ አልጋ ባለበት ግቢ እሱን ማሳደር ምን ያስከፍላል? አንድ ፍራሽ፣ አንድ ሎከር።

የኢኮኖሚክስ መምህር፦ ደስ ብሎኛል፤ ቢያንስ አንድ ደጋፊ ተገኘ። አንድ ነገር ልጨምር። በ2015 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1294 ዩኒቨርሲቲዎችን ራስ ገዝ የሚያደርግ ነው፤ የመጀመሪያው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። ተማሪው ራሱ አመልክቶ፣ ተፈትኖ፣ የሚችለው ከፍሎ፣ የማይችለው ድጋፍ አግኝቶ ይገባል። የጎንደሩ አባት «መደበን እንጂ አልመረጥንም» ያሉት ክርክር እዚያ ላይ ይቆማል። መርጦ የመጣ ተማሪ ማደሪያውንም ይምረጥ። ግቢው ዶርም ካለው በዋጋ ያከራይ፤ አቅም ለሌለው ቅናሽ ያድርግ። የግል ባለሀብትም ገበያ ካየ ለተማሪ የሚሆን ቤት ይሠራል።

የታሪክ አንባቢ፦ ዶርምን መዝጋት በእኛ አገር አዲስ ሐሳብ አይደለም። ከታኅሣሥ 1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በኋላ፣ ተማሪው ለሠልፍ መውጣቱን ያየው መንግሥት፣ በአዲስ አበባው ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የነበረውን አዳሪነት አስቀርቶ ተማሪውን ወደ ከተማው በትኖት ነበር። ሰበቡ ወጪ ይሁን ፍርሃት ብዙ ተብሎበታል፤ እኔ ፍርሃቱ ያመዝናል ባይ ነኝ። ተበትኖ ግን ዝም አላለም፤ በየካቲት 1957 «መሬት ለአራሹ» ብሎ አደባባይ የወጣው ያው ተማሪ ነው። መምህር እንደዚያ አስበዋል ማለቴ አይደለም። ነገር ግን ዶርም የወጪ ጉዳይ ብቻ ሆኖ አያውቅም።

የአንዲት ተማሪ አባት፣ ከጎንደር፦ ባለሀብት ይሠራል ላሉት፣ የሚሠራው ለሚከፍል ነው። እኔ በሬ ሸጬ ያዘጋጀሁት ሻንጣና የመንገድ ገንዘብ ነው። በየወሩ የሚሸጥ በሬ የለኝም።

የሦስተኛ ዓመት ተማሪ፦ መምህር፣ አንድ ስሌት ልጠይቅዎ፤ ሙያዎ ነውና። ነን ካፌ የሆነ ጓደኛ አለኝ። የቀን የምግብ በጀቱ ለዓመታት 22 ብር ነበር። በ2017 ነው ወደ 100 ብር ያደገው። በዚያ 22 ብር ዘመን አንድ ሽሮ ስንት ይሸጥ እንደነበር ያውቃሉ። ካፌ የሚበላው ቢያንስ ሦስት ጊዜ ጭልፋ ይቀርብለት ነበር፤ ቀጭንም ቢሆን ወጥ ነው፤ ወጥ ቤቱ ከየትም አምጥቶ ያቀርባል። ጓደኛዬ ግን የያዘው ብሩን ነው፤ ብሩ ባለበት ቆሞ ዋጋው ሄደ። መኝታውንም በብር ከለወጣችሁት የሚሆነው ያው ነው። አከራይ በየዓመቱ ይጨምራል፤ በጀት ግን ጨመረ ሲባል ተመርቀናል። ግድግዳ በኑሮ ውድነት አይሳሳም። የተደራረበ አልጋዬ የዛሬ ሦስት ዓመትም ሁለት ሜትር ነበር፤ ዛሬም ሁለት ሜትር ነው።

የኢኮኖሚክስ መምህር፦ ጥሩ መታሽኝ። የብር ክፍያው በየዓመቱ ከአካባቢው ኪራይ ጋር እንዲስተካከል በሕግ ካልታሰረ ሐሳቤ ይወድቃል፤ አምናለሁ። የቤት ኪራይ አዋጁ 1320/2016 ግን ጭማሪውን ይቆጣጠራል እኮ፤ ቅድመ ክፍያም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ይላል።

የሦስተኛ ዓመት ተማሪ፦ ውሉ ከሁለት ዓመት እንዳያንስም ይላል። ተማሪ ደግሞ ከመስከረም እስከ ሰኔ ነው። እኛን ያከራዩን ሴትዮ ውል የሚባል ነገር ሲሰሙ «ልጄ፣ በቃልሽ ኑሪ» አሉኝ። በቃሌ ኖርኩ፤ በቃላቸው ወጣሁ።

የአዲስ አበባ ልጅ፦ እሺ፣ ዶርም ይኑር ብዬ ልሸነፍ። ግን ድልድሉ በመታወቂያ አድራሻ ሳይሆን በመንገድ ርዝመትና በቤተሰብ ሁኔታ ይሁን። የማያድርበትም የመኝታ ዕዳ በስሙ አይመዝገብ። አንድ የማውቀው ልጅ አንድ ሌሊት ሳያድርበት ክሊራንስ፣ ማለትም ዕዳ የለበትም የሚለውን ወረቀት፣ ሲጨርስ ፍራሽ መልስ ተብሏል።

የኢኮኖሚክስ መምህር፦ በዚህኛው እስማማለሁ። የራስ ገዙ ጉዳይ ላይ ግን አቋሜን አለቅም፤ መክፈል የሚችል ቤተሰብ ልጅ የድሃ ገበሬ ልጅ በምታድርበት ዋጋ ማደሩ ፍትሕ አይመስለኝም።

የቀድሞ ፕሮክተር፦ ዋጋው ይለያይ፣ ክፍሉ አይለያይ። የሚከፍለው ለብቻው ባለ መታጠቢያ ብሎክ፣ የማይከፍለው ከሽንት ቤቱ ጎን ከሆነ ግን እኔ ቁልፉን አልይዝም ነበር።

የአንዲት ተማሪ አባት፣ ከጎንደር፦ ክርክሩን እናንተ ጨርሱት። ጋሼ ፕሮክተሩን አንድ ነገር ብጠይቅ፦ ልጄ በሚቀጥለው ሳምንት ትነሳለች። ምን አስይዤ ልላካት?

የቀድሞ ፕሮክተር፦ ሁለት ጓጉንቸር፤ አንዱ ለሎከር፣ አንዱ ለመጠባበቂያ። ባለ አምስት ሊትር ጀሪካን፣ ባለ ሃያው ደረጃ ላይ ይጎዳታል። ጅግጅጋ ሌሊት ይበርዳል ይባላልና ጋቢም ይኑራት። የኤሌክትሪክ ምድጃ አይያዙላት፣ ይወሰድባታል። ፍራሹን ስትረከብ ደግሞ ከመፈረሟ በፊት ደጅ አውጥታ በፀሐይ ስፌቱን ገልብጣ ትየው፤ ጥቁር ነጠብጣብ ካየች አትፈርም፣ ሌላ ትጠይቅ። ፕሮክተሩ ይቆጣል። ይቆጣ።